በሽቦው ላይ የላክሁት ቃል

ባለፈው ጥቅምት ለግል ጉዳይ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ሳለ ስልኬ ቻርጅ አልይዝ አለና መናኸሪያው አጠገብ ካለች አንዲት ጠባብ የስልክ መጠገኛ ገባሁ። ልጁ ስልኩን ገልብጦ ፈታታው። ከዚያ የጋለውን ብረት ሽቦ በሚያያይዝበት ስታኞ ላይ ጫን ሲያደርገው ቀጭን ጭስ ተነሣ። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ የቆምኩበት ጠፋብኝ። የቀለጠ ስታኞና የተቃጠለ ሙጫ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «ጭሱ ዓይንሽን አቃጠለው እንዴ፣ እኅቴ?» አለኝ። አዎ አልኩት። ወጥቼ ደጅ ላይ ጠበቅሁት።

ያ የእትዬ ጥሩወርቅ ቤት ሽታ ነው። አምስተኛ ክፍል የተማርሁበት ዓመት ሽታ ነው።

እኛ አገር ያለው ትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል አያልፍም ነበር። መንደራችን ከሮብ ገበያ ከተማ ወደ ጮቄ ተራራ ሽቅብ በእግር የሚደረስበት ስለሆነ አምስተኛ ክፍል መግባት የሚፈልግ ልጅ ዘመድ ያለበት ከተማ ይፈለግለታል። ለእኔ ደብረ ማርቆስ ላይ እትዬ ጥሩወርቅ ነበሩልኝ፤ የእናቴ ታላቅ እኅት። መስከረም ላይ አባቴ ልብሴን በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥሮ ይዞኝ ወጣ። እናቴ እስከ ወንዙ ሸኘችን። ሁልጊዜ እኔንና አባቴን ወደ ኋላ ጥላን የምትራመደው ሴት በዚያ ቀን መንገድ ላይ ድንጋይ እየፈለገች ዐረፍ ትል ነበር።

«ሳሉ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ይተወኛል» አለች። ሻሿን ፈትታ እንደገና አሰረች። «እትዬን እንዳታስቸግሪ። ሲጠሩሽ ‹አቤት› በይ እንጂ ‹ምን› አትበይ።»

ከዚያ ለአባቴ ስለ ጤፉ አረም ትነግረው ጀመር። ወንዙን ስንሻገር አዲሱ ጫማዬ እንዳይርስ ድንጋይ ድንጋዩን እያየሁ ነበር። ማዶ ደርሼ ዞር ስል ጀርባዋን አየሁት።

እትዬ ጥሩወርቅ ከእናቴ በብዙ ይበልጣሉ። ዕድሜያቸውን በቴሌግራም ኦፕሬተርነት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል፤ አግብተው ፈትተዋል፤ ልጅ የላቸውም። ቀጠን ያሉ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ሴት ነበሩ። ሰፈሩ ያከብራቸዋል፤ ትንሽም ይፈራቸዋል። የሚፈራቸው በሬዲዮው ምክንያት ነው።

ሬዲዮው ዘፈንና ዜና የሚሰማበት ዓይነት አልነበረም። ግራጫ ቀለም የተቀባ ከባድ የብረት ሳጥን ሲሆን ፊቱ ላይ የቡና ስኒ ማስቀመጫ የሚያህል መዘውር አለው። መሥሪያ ቤታቸው አዲስ ዕቃ ሲያስገባ አሮጌውን በፈቃድ ወስደውት ነው። ቀን ቀን ነጭ ዳንቴል ይለብሳል። ከእሱ የሚወጣው ሽቦ በመስኮቱ አልፎ፣ ጣሪያው ጫፍ ላይ ወጥቶ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ የጎረቤታችንን የጋሽ ልየውን የጎመን መደብ ተሻግሮ፣ እያዘቀዘቀ ሄዶ ከአንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ግንድ ላይ በደረቴ ቁመት ታስሯል። በመጣሁ ሰሞን ያጠብሁትን የትምህርት ቤት ሸሚዝ እንዲደርቅ ሽቦው ላይ ብሰቅለው እትዬ የጆሮ ማዳመጫቸውን እንዳጠለቁ ከቤት ብቅ አሉ።

«ትብለጥ፣ ይህን ሽቦ ስትነኪው እኮ እኔ ጆሮ ውስጥ ነው ቋ የሚለው!»

ከዚያ በኋላ ሽቦውን መጠበቅ የእኔ ሥራ ሆነ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ባሕር ዛፉ ድረስ ሄጄ ቋጠሮው መላላቱን አያለሁ፤ የወደቀ ቅርንጫፍ ካለ አነሣለሁ፤ የጋሽ ልየውን ጥጃ አባርራለሁ። ሽቦው ወይም የጆሮ ማዳመጫው ገመድ ሲበጠስ እትዬ መነጽራቸውን አጥልቀው በስታኞ ያያይዙታል። እኔ ጫፉን እይዛለሁ። ቤቱ ያን ሽታ ይሸታል።

በሬዲዮው የሚያዳምጡት በዓለም ዙሪያ እየተጠራሩ የሚነጋገሩ ሰዎችን ነው። ወታደሮች ወይም የመንግሥት ሠራተኞች አይደሉም። «ደሞዝ የላቸውም። ስለሚወዱት ብቻ ነው የሚነጋገሩት» አሉኝ። የሚናገሩት በአፋቸው ሳይሆን እትዬ ዕድሜያቸውን በሠሩበት በሞርስ ነው፤ አጭር ድምፅ፣ ረጅም ድምፅ፤ ቲ፣ ታ።

«ምን ይባባላሉ?»

«ስሜ እገሌ ነው። ያለሁት እዚህ ነው። ድምፅህ ይሰማኛል። ደህና ሁን።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለ?» አሉና ሳቁ።

ካሉት የሬዲዮ ሞገዶች ሁሉ እትዬ የሚወዱት በጣም ታች ያለውን፣ በሞገዱ ርዝመት «መቶ ስድሳው» የሚሉትን ነበር። ቀን ቀን ዱዳ ነው። የፀሐይዋ ብርሃን አየሩን ስለሚያፍነው ከአማኑኤል ከተማ ማዶ ያለ ድምፅ አይደርስም አሉኝ። ክረምት ደግሞ የመብረቁ ጩኸት አያስጠጋም። ዝናቡ ሲያባራ፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ግን ይከፈታል። እትዬ ዳንቴሉን አንሥተው፣ አጣጥፈው፣ ወንበራቸውን ስበው ይቀመጣሉ። ሬዲዮው በመኪና ባትሪ ስለሚሠራ መብራት ጠፋ ብሎ ሰፈሩ ሲያጉረመርም እሳቸው ደስ ይላቸዋል። የከተማው መብራት ሲሞት ጆሯቸው ውስጥ ያለው ጉርምርምታም አብሮ ይሞታል።

«ብርሃንና ጨለማ የሚለያዩበት መስመር አለ» ብለው ነገሩኝ አንድ ምሽት። «ዓለምን የሚዞር ነው። እኛ ላይ ሲመሽ መስመሩ እኛ ላይ ነው። በዚያው ሰዓት እዚያ ማዶ፣ ባሕር ውስጥ ያለ አንድ ደሴት ላይ ይነጋል፤ መስመሩ እሱም ላይ ነው። መስመሩ ላይ ያሉ ሁለት ሰዎች ምንም ያህል ቢራራቁ ይሰማማሉ። ዘንድሮ ደግሞ ፀሐይዋ ያረፈችበት ዓመት ስለሆነ ይበልጥ ይሰማል።»

«እስከ መቼ?»

«ሻይ እስኪፈላ ያህል ነው። ከዚያ ይዘጋል።»

እኔ መስመሩን እንደ ገመድ የሚታይ ነገር አድርጌ ያዝሁት። ማታ ማታ ባሕር ዛፉ ሥር ሆኜ ስፈልገው፣ ከተማው ጨልሞ ሳለ የጮቄ ጫፍ ገና ቀይ ብርሃን እንደያዘ አየሁ። አገኘሁት አልሁ። እኔ ጨለማው ውስጥ ነኝ፤ እማዬ ብርሃኑ ውስጥ ናት። መስመሩ በእኔና በእማዬ መካከል ነው ማለት ነው። ፀሐይ አርፋለች ያሉትን ግን ለብዙ ቀን ሳስበው ቆየሁ፤ ፀሐይዋ እንደ ድሮዋ ትሞቅ ነበርና።

አንድ ቀን ጥቅምት ውስጥ እትዬ ማዳመጫውን አውልቀው አንዱን ጆሮ ለእኔ፣ አንዱን ለራሳቸው አደረጉ። ጉንጫችን ተነካካ። ከሚንሿሿው ድምፅ ውስጥ አንድ ቀጭን ፉጨት፣ ወፍ የምትመስል፣ እየደጋገመ ይጠራ ነበር። ከዚያ ቆመ። ጸጥ ካለ በኋላ፣ እንደገና፣ ከፊተኛው በጣም ደክሞ፣ የመጨረሻዎቹን ድምፆች ሰማኋቸው።

«ሌላ ሰው ተቀበለው?»

እትዬ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙኝ። ፊታቸው የልጅ ፊት መሰለ። «ሌላ ሰው አይደለም። ራሱ ነው። ይህን በዕድሜዬ የሰማሁት አንዴ ብቻ ነው። ሰውየው መላኩን ጨርሷል፤ እጁን አንሥቷል፤ ድምፁ ግን የሆነ ቦታ ዞሮ ዞሮ አሁን ደረሰ።»

«የት ሲዞር ቆየ?»

«እሱን የሚያውቅ የለም። ብዙ ይባላል፤ የሚያውቅ ግን የለም።»

ሞርስ ማስተማር የጀመሩኝ ከዚያ በኋላ ነው። ቅዳሴ ላይ ቆመው እንኳ ጣታቸው ጭናቸው ላይ ትንቀሳቀስ ነበርና ምን እንደሚሉ ማወቅ ፈለግሁ። የፈረንጅ ፊደል በትምህርት ቤት ስለቆጠርሁ አልከበደኝም። መጀመሪያ ላስተማሩኝ ፊደሎች ቃል ስፈልግ «እማዬ» የሚለው ሞላልኝ። ቲ። ታ ታ። ቲ ታ። ታ ቲ ታ ታ። ቲ። ጠረጴዛው ላይ ስመታው «እጅሽ የእናትሽን ይመስላል» አሉኝ።

የቅዳሜ ገበያ ሲሆን የአባቴ ወንድም አያ ስማቸው ከአገር ይመጣሉ። እህል ያወርዳሉ፤ ከእማዬ የተላከ የሽንብራ ቆሎ ይሰጡኛል፤ የተላከውን ቃልም አንድ ሳያስቀሩ ይነግሩኛል። «ጸጉርሽን በቅቤ ተቀቢ ብላለች። ከልጆች ጋር አትጣዪ ብላለች። ሳሉ ትንሽ ቀሎኛል ብላለች።» የእኔንም ቃል ይዘው ይመለሳሉ።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ግን በገበያ ቀን ሳይሆን በአዘቦት መጡ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከእትዬ ጋር ጓሮ ቆመዋል። እህል አልያዙም። እኔን ሲያዩ እጃቸውን ዘርግተው ራሴን ነካ አደረጉና ወደ ሌላ አቅጣጫ ተመለከቱ። ቆሎ የለም፤ ቃል የለም። «አያ፣ እማዬ ምን አለች?» ስላቸው «እ… ደህና ናት» ብለው በሩን ከፍተው ወጡ። የተቆጡኝ መሰለኝ። ምን እንዳጠፋሁ ማታውን ሁሉ ሳስብ፣ ባለፈው ቆሎው ጥቂት ነው ብዬ ማጉረምረሜ ትዝ አለኝና ያን ነግረዋት ይሆናል አልሁ።

ያን ምሽት እትዬ ሬዲዮው ላይ ረጅም ጊዜ ተቀመጡ። ጀርባቸው ወደ እኔ ነው። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

«እትዬ፣ ምን ሰሙ?»

«ምንም። የሩቅ ሰው ነው።»

«ምን አለ?»

«ደህና ሁኑ አለ» አሉ፤ አልዞሩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሬዲዮው የሚያሳዝን ወሬ የሚያወራ መሰለኝ። የሆነ ቦታ፣ ባሕር ውስጥ ያለው ደሴት ላይ፣ አንድ ሰው ችግር ደርሶበት እትዬን በየማታው የሚያስለቅሳቸው መሰለኝ። ዳንቴሉን ሲያነሡ እጠላ ጀመር። ቀን ቀን ግን እንደ ወትሮው ነበሩ። ምሳ ይቋጥሩልኛል፤ ትምህርቴን ያስጠኑኛል፤ ባለ ቢጫ ጥለት ቀሚሳቸውን ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። እማማ ዘነበች የምትባል ጎረቤት አለች፤ እኔን ባየች ቁጥር ሳትጠየቅ ዳቦ ትሰጠኝ ጀመር። እያደግሁ ስለሆነ ነው አልሁ።

ቅዳሜ ሲመጣ አያ ስማቸው ቤት መምጣት ተዉ። እትዬ ግን ከገበያ ሲመለሱ ቃል ያመጡልኛል። «አያ ስማቸውን ገበያ አገኘኋቸው። እናትሽ ‹በርቺ፣ ፈተናሽን በደንብ ሥሪ› ብላለች።» ቃሉ አጭር ነበር። ቅቤና ጸጉር የሚባል ነገር ጠፋ። እማዬ ከተማ ከገባሁ ወዲህ እንደ ትልቅ ሰው ታየኝ ጀመር ብዬ ኮራሁም፣ ከፋኝም።

ሬዲዮው ለመስማት ብቻ እንጂ ለመላክ እንደማይሆን እትዬ ነግረውኛል። መላኪያ ሌላ ዕቃ ነው፤ እኛ የለንም። ይህን ግን በራሴ መንገድ አሰብሁበት። ሽቦውን ስነካው እትዬ ጆሮ ውስጥ ቋ ካለ፣ የነካሁት ነገር ሄዷል ማለት ነው። እትዬ ጋ ከሄደ ደግሞ ወደ ሌላ ቦታ የማይሄድበት ምክንያት አልታየኝም። በተለይ መስመሩ በእኔና በእማዬ መካከል ሲሆን።

አንድ ምሽት ታኅሣሥ መግቢያ ላይ የብረት ማንኪያ ከወጥ ቤት ይዤ ባሕር ዛፉ ሥር ሄድሁ። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። የጮቄ ጫፍ ቀልቷል። ማንኪያውን ለአጭሩ ነካ፣ ለረጅሙ ጫን እያደረግሁ ሽቦው ላይ ላክሁ። ቲ። ታ ታ። ቲ ታ። ታ ቲ ታ ታ። ቲ። ደገምሁት። ሦስተኛውን ሳልጨርስ የቤቱ በር ተከፈተና እትዬ የጎመኑን መደብ እየረገጡ ሲሮጡ አየሁ። እትዬ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። ማዳመጫው አንገታቸው ላይ ነው፤ ገመዱ ተበጥሶ ከኋላቸው መሬት ለመሬት ይጎተታል።

ማንኪያውን ከኋላዬ ደበቅሁ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም? ‹እማዬ› ብለሻል።»

ፍርሃቴ ሁሉ ጠፋ። «ተሰማ?»

«ተሰማ።»

«እማዬስ ትሰማለች?»

ጎንበስ ብለው ፊቴን ሆዳቸው ላይ ደፉት፤ ቀሚሳቸውን ጨምድጄ ያዝሁ። ሲተነፍሱ ሆዳቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። በእኔ ምክንያት ገመዱ በመበጠሱ አዝነው ነው ብዬ «ይቅርታ እትዬ፣ አውቄ አይደለም» አልኋቸው። «አንቺ ምን አደረግሽ፣ የኔ እናት» አሉ። ቤት ገብተን ገመዱን በስታኞ ሲያያይዙ እንባቸው መነጽራቸው ውስጥ ተጠራቅሞ ዕቃውን አላሳይ አላቸው። «ጭሱ ነው» አሉኝ። ስታኞው ደግሞ ደጋግሞ ከገመዱ ላይ እየወደቀ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሠራ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ በሩን አልፈው ገና ዘንቢሉን ሳያስቀምጡ «እናትሽ ‹ሰማሁሽ› ብላለች» አሉኝ።

ዘልዬ አንገታቸው ላይ ተንጠለጠልሁ።

ከዚያ ወዲያ በየማታው መላክ ሆነ። አዲስ ፊደል በተማርሁ ቁጥር ቃል ይበዛልኛል። ደህና ነኝ እላለሁ። ሒሳብ ከበደኝ እላለሁ። ገና ደረሰ እላለሁ። እትዬ አልከለከሉኝም። እኔ ባሕር ዛፉ ሥር፣ እሳቸው ቤት ውስጥ ሬዲዮው ላይ፤ የጮቄ ጫፍ እስኪጠቁር። ተሳስቼ የላክሁት ፊደል ሲኖር ቤት ስገባ ያርሙኛል። «‹ደህና› ስትዪ የመጨረሻዋን አሳጠርሻት» ይሉኛል። ደሴቱ ላይ ያለውን ሰው ማዳመጥ የተዉ አልመሰለኝም ነበር።

ለገና ዶሮ አልሠሩም። ለእኔ ብቻ ትንሽ ሥጋ ወጥ ሠርተው አጠገቤ ተቀምጠው ስበላ አዩኝ። ሆዴን ጎርብጦኛል አሉ። ጥምቀት ላይም ከታቦቱ ጋር አልወረዱም፤ ከእማማ ዘነበች ጋር ላኩኝ።

የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ሲቃረብ አንድ ነገር ቃል ገቡልኝ። «ፈተናሽን ጨርሺ እንጂ፣ አንድ ቀን ንጋት ላይ ቀስቅሼ የደሴቱን ሰው አስደምጥሻለሁ። ንጋት ከምሽት ይበልጣል።» ይህን ለሰፈሩ ሁሉ ነገርሁ። ፈተናው ዓርብ ሲያልቅ ለጋሽ ልየውና ለእማማ ዘነበች ነገ ንጋት ላይ ከዓለም ጫፍ ድምፅ እንደምንሰማ፣ ከፈለጉ መምጣት እንደሚችሉ ነገርኋቸው። ተያዩ። ጋሽ ልየው ጎንበስ ብለው ጎመናቸውን መኮትኮት ቀጠሉ። እማማ ዘነበች «እንመጣለን ልጄ» አለችኝና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ቅዳሜ ንጋት እትዬ ቀሰቀሱኝ። «ተነሺ እናቴ» አሉ፤ ሹራቤን ራሳቸው አለበሱኝ። ገና ሰማዩ ግራጫ ነበር። ከመኝታ ክፍሉ ስወጣ ሳሎኑ ሞልቷል። ጋሽ ልየው፣ እማማ ዘነበች፣ የእድሩ ሰዎች፣ የማላውቃቸውም አሉ። ጋቢና ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ዝም ብለው ተቀምጠዋል፤ በሩ ላይ የቆሙም ነበሩ።

ይህ ሁሉ ሰው ለሬዲዮው መጣ አልሁ። ደስታዬ ልክ አጣ። ለቆሙት በርጩማ ከወጥ ቤት አመጣሁ። ዳንቴሉን አንሥቼ እንደ እትዬ አጣጠፍሁት። ማዳመጫው አንድ ብቻ መሆኑ አሳሰበኝና «በየተራ ነው፤ መጀመሪያ እማማ ዘነበች» አልሁ። ባትሪውን አያይዤ መዘውሩን ወደ መቶ ስድሳው አዞርሁ። ያኔ በሩ ላይ ከቆሙት ሰዎች ኋላ አያ ስማቸውን፣ ከእሳቸው አጠገብ ደግሞ አባቴን አየሁት።

«አባዬ! አንተም ሰምተህ መጣህ?»

ፂሙ አድጎ ነበር። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ላግኘውና ላንተ እሰጥሃለሁ» ብዬ ማዳመጫውን ሁለቱም ጆሮዬ ላይ አጠለቅሁ።

ሹክሹክታው ውስጥ ገብቼ ፈለግሁ። መዘውሩን የጥፍሬን ያህል ገፋ አደረግሁት። አለ። በጣም ሩቅ፣ በጣም ቀጭን፣ ግን አለ፤ እየደጋገመ ይጠራል። «አገኘሁት!» ብዬ ቀና ስል የሁሉም ሰው አፍ ተከፍቷል። እማማ ዘነበች ደረቷን ትመታለች። አባቴ ሁለት እጁን ራሱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሏል። አያ ስማቸው ወደ እኔ እየተራመዱ አንድ ነገር ይናገራሉ። እኔ የምሰማው ግን የደሴቱን ሰው ነው። ቲ ታ፣ ቲ ታ። እትዬ ከኋላዬ መጥተው ማዳመጫውን ቀስ ብለው ከጆሮዬ አወለቁት፤ ጩኸቱ በአንዴ ገባ።

ከዚያ ያለውን አላስታውስም። የማስታውሰው እትዬ እንዳላለቀሱ ነው። አቅፈውኝ፣ ቀጥ ብለው፣ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ጀርባዬን ያሹ ነበር።

በዚያው ቀን ጥቁር ለብሰው ከእኛ ጋር ወደ አገር ወጡ። እስከ ሮብ ገበያ በመኪና፣ ከዚያ በእግር። አባቴና አያ ስማቸው ከፊት፣ እኔና እትዬ ከኋላ። የጤፉ አውድማ ላይ ሰዎች ሥራቸውን አቁመው ቆመው አሳለፉን። ዳገቱ መሀል ላይ ስንደርስ ጠየቅኋቸው።

«መቼ ነው?»

«ኅዳር ላይ። አያ ስማቸው ጓሮ ያገኘሻቸው ቀን ነው የነገሩኝ። ተቀብራ ነበር። አባትሽ ‹ፈተናዋን ትጨርስ› ብሎ ላከ።»

ብዙ ተራመድን። ኅዳርን ከታኅሣሥ፣ ታኅሣሥን ከጥር ጋር በልቤ አያያዝሁ።

«‹ሰማሁሽ› ያለችውስ?»

እትዬ ቆሙ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «የሰማሁት እኔ ነኝ። የላክሽውን ሁሉ። አንድ ማታ አላመለጠኝም።»

እጄን ከእጃቸው አወጣሁ። ለብቻዬ ወደ ፊት ሄድሁ፤ ብዙ ሄድሁ። ውሸታቸው ይሁን የእማዬ አለመኖር፣ የትኛው እንዳናደደኝ አላውቅም። አባቴ ዞር ብሎ ጠበቀኝና ትከሻዬን ያዘ። «አትቀየሚያቸው» አለኝ ቀስ ብሎ። «መጥተው እንዲያለቅሱ ስንልክባቸው ‹ፊቴን አይታ ታውቅብኛለች› ብለው ቀሩ። እስከ ዛሬ መቃብሯን አላዩም።»

ዞሬ አየኋቸው። ቀስ ብለው፣ ቀጥ ብለው፣ ብቻቸውን ይመጣሉ።

ደጃችን ስንደርስ ሴቶቹ ወጡ፤ ጩኸቱ ተነሣ። እኔን ብዙ እጅ ያዘኝ። እትዬ ግን ደፉ ላይ ሲደርሱ ከፊት የሚመጣ ነገር እንደመታቸው ቆሙ። ከዚያ ያ ቀጥ ያለ ጀርባ ታጠፈ። ሰምቼው የማላውቅ ድምፅ ከውስጣቸው ወጣ።

«ደቡ! ደቡዬ! እናታችን ጥላሽ ስትሄድ በዚች ጀርባ አዝዬ ያሳደግሁሽ! ጡት ፍለጋ ሰው ደጅ ለሰው ደጅ ይዤሽ የዞርሁ! ደቡዬ፣ ሳላለቅስልሽ ቀረሁ!»

እናቴን ደብሬ እንጂ ደቡ ብሎ የሚጠራ ሰምቼ አላውቅም። እትዬ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ሕፃን እንዳዘለ ሰው ጎንበስ ብለው፣ እየተወዛወዙ ግቢውን ዞሩ። ማንም አልያዛቸውም። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላቸው። እማዬን የእኔ ብቻ እናት አድርጌ እንደያዝኋት፣ የሌላ ሰው እኅት፣ የሌላ ሰውም ልጅ መሆኗን አስቤው እንደማላውቅ ያኔ ገባኝ።

ከያዙኝ እጆች መሀል ወጥቼ ወደ እሳቸው ሄድሁ። ነጠላቸው ትቢያው ላይ ወድቋል። አንሥቼ አራገፍሁት፤ ትልልቆቹ ሴቶች ሲያደርጉ እንዳየሁት አጥፌ ወገባቸው ላይ አሰርሁላቸው። ከዚያ ከጎናቸው ሆኜ አብሬያቸው ዞርሁ።